ከዴንታል ስኩል በፊት ያሉት አራት ዓመታት



የሳምንቱ ድካም ሳይወጣላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሥራ በቀጥታ፣ እስከ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የማታ ተረኛ የሆናችሁ ሰዓታችሁ ሲደርስ ተነሥታችሁ ብትሄዱ ቅር አልሰኝም፤ እኔም ለብዙ ዓመት የማታ ተረኛ ነበርኩ።

ንግግሬ በአማርኛ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር ከመጡት ልጆች መካከል እንግሊዝኛው የሚቀልላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የእኛ ልጅ ኮሌጅ የሚመርጠው ብቻውን አይደለም። ቡና ተፈልቶ፣ አባትና እናት ተቀምጠው፣ አክስት ከዳላስ በስልክ ገብታበት ነው ነገሩ የሚቆረጠው። ያ ውይይት የሚካሄደው በአማርኛ ስለሆነ እኔም እዚያው ቡናው አጠገብ ልቀመጥ ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጥርስ ክሊኒኬ ከሚመጡ ወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። ጥጡን ከአፋቸው አውጥቼ ሳልጨርስ፣ «ዶክተር፣ ልጄ የጥርስ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ጥሩ የጥርስ ትምህርት ያለው ኮሌጅ የትኛው ነው?» ይሉኛል። ጥያቄውን ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። እዚያ አንድ ተማሪ ብሔራዊ ፈተናውን አልፎ ውጤቱ ከፈቀደለት ከሃይስኩል በኋላ ሌላ ዲግሪ ሳይጠየቅ ወደ ሕክምናው ያመራል። እዚህ አገር ግን መንገዱ በሁለት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ባችለር ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት፤ ከዚያ እንደ አዲስ ተመልክቶ፣ ተወዳድሮ፣ ዴንታል ስኩል ሌላ አራት ዓመት። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት «የጥርስ ትምህርት ያለው ኮሌጅ» የሚባል ነገር የለም። «ፕሪ-ዴንታል» ሲባል የምትሰሙትም በአብዛኛው ዲግሪ አይደለም። ልጁ ሐሳቡ ወዴት እንደሆነና የትኞቹን ኮርሶች መውሰድ እንዳለበት የሚያመለክት ስም ነው።

ኮርሶቹ ብዙም አይለያዩም። ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ከነላቦራቶሪያቸው፤ ባዮኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ ወይም አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይጨመራል። እነዚህን የማያስተምር የአራት ዓመት ኮሌጅ ማግኘት ይከብዳል። ዋናው ትምህርት ምንም ቢሆን ይቻላል፤ አብዛኛው ባዮሎጂ ይመርጣል እንጂ ኮርሶቹን እስካሟላ ድረስ ታሪክ ያጠናም፣ ሙዚቃ ያጠናም ይገባል። እንግዲህ ኮርሱ ሁሉም ጋ ካለ፣ ኮሌጅን ከኮሌጅ የሚለየው ምንድን ነው? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጁ ጥሩ ውጤት የሚያመጣበት፣ አስተማሪ በስሙ የሚያውቀውና ያለ ዕዳ የሚወጣበት ኮሌጅ ነው መመረጥ ያለበት። የኮሌጁ ዝና ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ስለ ዝና ካነሣሁ አንድ ነገር ላንሣ። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ በ1840 ነው። ሆራስ ሄይደንና ቻፒን ሃሪስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች መሠረቱት፤ ዛሬ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የምንለው የእርሱ ወራሽ ነው። ዲ.ዲ.ኤስ. የሚለው የጥርስ ሐኪም ማዕረግ የተጀመረው እዚያ ነው። ዲ.ኤም.ዲ. የሚለው ደግሞ በ1867 ከተመሠረተው ከሃርቫርድ የጥርስ ትምህርት ቤት መጣ። ሁለቱ ማዕረጎች ትምህርታቸውም ፈቃዳቸውም አንድ ነው፤ «የትኛው ይበልጣል?» እያላችሁ አትጨነቁ። ከዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተመራቂዎች አንዱ ሮበርት ታነር ፍሪማን የዋሽንግተን ልጅ ነበር። በ1869 ተመርቆ በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ፤ ተመልሶም የሠራው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። እዚያው ከተማ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ኮሌጁን የከፈተው በ1881 ነው። ይህን የማነሣው ልጆቻችን የሚኖሩበት ሰፈር ለዚህ ሙያ ባዳ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው። ባልቲሞር አለ፣ ሃዋርድ አለ፣ ለቨርጂኒያ ልጆች ደግሞ ሪችመንድ ላይ የቪ.ሲ.ዩ. ዴንታል ስኩል አለ።

አሁን ወደ ውጤት ልግባ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ዴንታል ስኩል የሚያመለክት ተማሪ ማመልከቻውን የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ አድሳስ በሚባል አንድ ማዕከል በኩል ነው። አድሳስ ልጁ በሕይወቱ የወሰደውን የኮሌጅ ኮርስ ሁሉ ይሰበስባል። ሃይስኩል እያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄዶ የወሰደውም ይቆጠራል። ወድቆ የደገመው ኮርስ ካለም ሁለቱም ውጤት ይቆጠራል። ኮሌጁ ራሱ አሮጌውን ውጤት በአዲሱ ተክቶ ቢሰርዘውም አድሳስ አይሰርዘውም። የሳይንሱን አማካይ ውጤት፣ ማለትም ጂፒኤውንም፣ ለብቻው ያወጣል። ዴንታል ስኩል የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.6 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ አይገባም ማለት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ሌላው ሁሉ ያንን መሸከም ይኖርበታል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወሰድኩ። ቀን ክፍል፣ ማታ ፓርኪንግ። በጋራዡ መግቢያ ያለችውን የመስታወት ቤት ታውቋታላችሁ፤ አንዲት በርጩማ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ገንዘብ የሚቀመጥባት መሳቢያ። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀለበት እሥል ነበር፤ መኪና ሲመጣ ትኬቱን ቀድጄ እሰጣለሁ። የኬሚስትሪ ቀለበቴን ይዞ የሄደ ደንበኛ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያገኘሁት ዲ ነበር። ደግሜ ወስጄ ኤ አመጣሁና ነገሩ የተዘጋ መሰለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማመልከቻዬን ስሞላ ያ ዲ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ባመለከትኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ሳይሳካልኝ ቀረ። ያን ጊዜ፣ «ሥራህን ቀንስ፣ ወይም ይህን ኮርስ ለጊዜው አቆየው፤ መጣል ካለብህም ቀኑ ሳያልፍ ጣለው» የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ አንድ ዓመት ይተርፈኝ ነበር። ኮሌጁ አድቫይዘር ነበረው፤ በአንድ ሴሚስተር የሚደርሰኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር እንጂ።

ሌላም ላውጋችሁ። የማውቃት አንዲት ልጅ፣ ጎበዝ፣ ሃይስኩልዋን በከፍተኛ ውጤት የጨረሰች፣ ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንዱ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሰው የሚያውቀው፣ ከቤቷ ስምንት ሰዓት የሚርቅ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው እዚሁ ሜሪላንድ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከነስኮላርሺፑ ነበር። አባቷ የመጀመሪያውን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነግሮ ነበር። አልፈርድበትም፤ እኔም አባት ነኝ፣ ልጅ ሲሳካላት ዝም ማለት አይቻልም። ሄደች። የጎደለውን ክፍያ ለመሙላት በሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት ትሠራ ጀመር። የኬሚስትሪው ክፍል ሦስት መቶ ተማሪ የሚይዝ አዳራሽ ነው፤ ውጤቱ የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ በማወዳደር ነው፤ አጠገቧ ያሉት ደግሞ ግማሾቹ ከሃይስኩል ጀምሮ በግል አስተማሪ የተዘጋጁ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጂፒኤዋ 2.9 ሆነ። ያቺ ልጅ አልሰነፈችም። እዚሁ ቀርታ ቢሆን ያንኑ ያህል ደክማ ከ3.7 አታንስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ዴንታል ስኩል ናት፤ ግን ውጤቷን ለማደስ ሦስት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ፈጅቶባታል።

ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሙሉ ወጪውን ችሎ፣ ልጁም ተዘጋጅቶ ከሄደ መልካም። የዴንታል ስኩል መራጮች ኮሌጁን አያዩም ማለቴም አይደለም፤ ያያሉ። ነገር ግን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጣ 3.8 ከታላቅ ስም የመጣ 3.1ን ይቀድመዋል። ይህን የምላችሁ ለሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ መንገድ በየበሩ ስጠይቅ ኖሬ ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅን በሚመለከት በቤታችን ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንዱ መናቅ ነው፤ «ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ» ሲባል ፊት ይጠቁራል። እኔ የጀመርኩት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ክፍያው የሚቻል ነው፣ ብዙ አስተማሪዎቹ ለማስተማር ብቻ የመጡ ናቸው። ሁለተኛው ስሕተት ሁሉንም ሳይንስ እዚያው መጨረስ ነው። አንዳንድ ዴንታል ስኩሎች ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚቀበሉት ክሬዲት ገደብ አለው፤ አንዳንዶቹም የሳይንስ ኮርሶቹ በአራት ዓመት ኮሌጅ እንዲወሰዱ ይመርጣሉ። እኔ የምመክረው እንግሊዝኛውን፣ ሂሳቡን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ቢበዛ የመጀመሪያውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እዚያ ወስዶ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ባዮኬሚስትሪን ወደ አራት ዓመቱ ተዛውሮ መውሰድ ነው። ሃይስኩል ውስጥ ኤ.ፒ. የሚባሉትን የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ወስዳችሁ ክሬዲት ያገኛችሁ ልጆችም እንዲሁ ተጠንቀቁ። ኮሌጁ ይቀበለዋል፤ ዴንታል ስኩሉ ግን ላይቀበል ይችላል። በኤ.ፒ. የዘለላችሁትን በዚያው መስክ ከፍ ባለ ኮርስ ተኩት።

አሁን ለልቤ ቅርብ ወደሆነው ነገር፣ አስተማሪ በስም ወደሚያውቃችሁ ኮሌጅ፣ ደረስኩ።

እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው ስኳር ፋብሪካ ያለበት ወንጂ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ ያንን የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ናዝሬት፣ መተሐራ፣ ወንጂ ያደጋችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ስትስቁ እጃችሁ ወደ አፋችሁ ሲሄድ ከሩቅ ለይቼ አውቃችኋለሁ። እኔም ፎቶ ስነሣ ከንፈሬን ገጥሜ ነበር። አዲስ አበባ ስንሄድ «ጥርሱን አይፍቅም እንዴ?» ይሉን ነበር፤ እኛ ግን መፋቂያ ከአፋችን አይጠፋም።

ከኮሚኒቲ ኮሌጁ ተዛውሬ የገባሁት ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው የመንግሥት ኮሌጅ ነበር። የኬሚስትሪ ክፍላችን ሃያ አራት ተማሪ ነው። አንድ ቀን ከላቦራቶሪ በኋላ ፕሮፌሰሩ ቆም አድርጎኝ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ያደግሁበት ውሃ ከምን እንደሚቀዳ ጠየቀኝ። ጥርሴን አይቶ ነው። አፈርኩ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ታሪክ ነገረኝ። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄዶ ክሊኒክ ሲከፍት፣ የከተማው ልጆች ጥርስ ቡኒ ሆኖ አገኘው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ማኬይ ሠላሳ ዓመት ያህል መልሱን ሲፈልግ ኖረ። በ1931 በአንድ የአልሙኒየም ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ቸርችል የሚባል ኬሚስት ውሃውን መርምሮ በውስጡ ብዙ ፍሎራይድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው የበለዙት ጥርሶች በቀላሉ እንደማይቦረቦሩ፣ በመጠኑ የተጨመረ ፍሎራይድም ጥርስን እንደሚጠብቅ የተረጋገጠው፤ በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባል ከተማ ለዚሁ ብላ ፍሎራይድን ወደ ውሃዋ ጨመረች።

አስቡት፤ ሲያሳፍረኝ የኖረው ነገር የኬሚስትሪ ጥያቄ ነበር፤ ያውም ትልቅ ጥያቄ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮው ሳልሄድ የቀረሁበት ሳምንት ጥቂት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳመለክት ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው፤ ዲ ማግኘቴንም፣ ለምን እንዳገኘሁም፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁም ጽፎ ነበር። አድሳስ ላይ የሚጻፈው የግል ጽሑፍ ቦታው 4,500 ፊደል ብቻ ነው፤ እኔ ስለ ወንጂ ውሃ ጻፍኩበት። ሦስት መቶ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ኋላ ተቀምጬ ቢሆን ጥርሴን ማን ያይልኝ ነበር?

ዴንታል ስኩሎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የሳይንስ አስተማሪዎች ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ደብዳቤ ደግሞ ከማያውቃችሁ ሰው ብታገኙት «ይህች ተማሪ በኮርሴ ኤ አግኝታለች» ከማለት አያልፍም፤ ያ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ነገር ስሙኝ። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግናቸው ትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲሉ፣ አንገታቸውን እንዲደፉ፣ ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ አድርገን ነው። መልካም አስተዳደግ ነው፤ አላፈርኩበትም። ኮሌጅ ውስጥ ግን ያ ጨዋነት ልጁን ይደብቀዋል። አስተማሪው ቢሮ የሚቀመጥባቸው ሰዓቶች አሉ፤ ሌሎች ልጆች ገብተው ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። የእኛ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ አስተማሪውን ማስቸገር ይመስለዋል። ልጆች፣ ግቡ። ወላጆች፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብቶ መጠየቅ ድፍረት እንዳልሆነ ዛሬ ማታ ንገሯቸው። ከእኛ አፍ ካልሰሙት አያምኑትም።

ኮሌጅ ስትጎበኙም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። የግቢውን ሣርና የስፖርት አዳራሹን ያሳዩአችኋል፤ እሺ፣ እዩት። ከዚያ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ላቦራቶሪውን የሚመራው ፕሮፌሰሩ ይሁን ተማሪ ጠይቁ። የጤና ሙያ አድቫይዘር መኖሩንና ለአንድ ተማሪ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ምናልባት «ካመለከቱት ተማሪዎቻችን ዘጠና በመቶው ይገባሉ» ይሏችኋል። ይህ ቁጥር ሲነገራችሁ እዚያው አትቁሙ። አንዳንድ ኮሌጆች የኮሚቴ ደብዳቤ የሚባል አላቸው፤ ጂፒኤው ዝቅ ላለ ተማሪ ደብዳቤውን ይከለክሉታል፤ ያ ልጅ ሳያመለክት ይቀራል፤ ከቁጥሩም ይወጣል። ስለዚህ፣ «በአንደኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና አስበው ከገቡት መካከል እስከ ማመልከቻ የደረሱት ስንቱ ናቸው? ደብዳቤ የሚከለከልስ አለ ወይ?» በሉ። አነጋጋሪያችሁ ዝም ካለ ዝምታውም መልስ ነው።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ብዙ አላወራም፤ ግን ቁጥሩን እወቁት። ዴንታል ስኩል ጨርሶ የሚወጣ ባለዕዳ ተማሪ በአማካይ ወደ 300,000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግራድ ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር ሙሉ ወጪውን መሸፈን ይቻል ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህን በር ዘጋው። ለዴንታል ስኩል ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ሆነ። ወላጅ ለልጁ የባችለር ትምህርት የሚበደረው ፓረንት ፕላስም ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ተገደበ። ብዙ ዴንታል ስኩሎች ከነኑሮው ከ200,000 በላይ ስለሚያስወጡ የቀረው ከባንክ ይመጣል፤ ባንክ ደግሞ ፈራሚ ይጠይቃል። ፈራሚው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ለባችለሩ ቤታችሁን አስይዛችሁ፣ የጡረታ ገንዘባችሁን አውጥታችሁ ከጨረሳችሁ ለዚያ ቀን ምን ይቀራችኋል? ለዚህ ነው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ስኮላርሺፑን አወዳድሮ፣ በግዛታችሁ ባለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ለጥርስ ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ብልህነት ነው የምለው። የመንግሥት ዴንታል ስኩሎችም የግዛታቸውን ነዋሪ ያስቀድማሉ፣ ክፍያውም ይቀንስለታል፤ ልጃችሁ ለኮሌጅ ብሎ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ ነዋሪነቱን እንዳያጣ ተጠንቀቁ።

ዜግነት ያላቸው ልጆች የጦር ሠራዊቱን የጤና ሙያ ስኮላርሺፕና የናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮርፕስን ስኮላርሺፕ ይዩ። ሁለቱም ትምህርቱን ከፍለው በምላሹ የአገልግሎት ዓመታት ይጠይቃሉ። ወረቀታችሁ ገና ያላለቀላችሁ ደግሞ አንዳንድ ዴንታል ስኩሎች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ እንደሚቀበሉ ዕወቁና ከማመልከታችሁ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁ።

ባችለሩንና ዴንታል ስኩሉን አያይዘው ከሃይስኩል የሚቀበሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ ዴንታል ስኩሉ ራሱ ሦስት ዓመት ነው፤ ከባችለሩ ጋር አያይዞ የሚያስኬደው አጭር መንገድም አለው። ጊዜ ያተርፋሉ። ግን ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ልቡ በእውነት የቆረጠ መሆን አለመሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ካልቆረጠ አትግፉት።

የመግቢያ ፈተናው ዲኤቲ ይባላል። ባዮሎጂ፣ ሁለቱ ኬሚስትሪዎች፣ ንባብና ሂሳብ አሉት፤ ፊዚክስ የለውም። ልጆችን የሚያስደነግጣቸው ግን በ60 ደቂቃ 90 ጥያቄ ያለው፣ ቅርጽን በዓይነ ሕሊና የማየት ክፍል ነው። አንድ ወረቀት ደጋግሞ ይታጠፋል፣ ይበሳል፤ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚወጡ በሐሳብ መናገር አለባችሁ። ይህን ሲያዩ «የኔ አእምሮ ለዚህ አልተፈጠረም» የሚሉ አሉ። አንዲት ልጅ ክሊኒኬ መጥታ ሐኪም ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ የማየቱን ሰዓት ትሞላ ነበር፤ ብዙ ቦታ መቶ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ፈተናው እንደከበዳት ነገረችኝ። በቤቷ ሌላ ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት፣ አያቷ ከጎንደር ሲመጡ ስፌት እንዳስተማሯት ተናገረች። የሰፋችውን ሌማት አመጣችልኝ። ከመሐል የተነሣው ጥለት ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቀለሙ የት እንደሚገባ አስቀድማ ካላሰበች አይገጥምም። «ይኸው ነው ፈተናው፤ ስትሠሪው ኖረሻል» አልኳት። ኮሌጅ ስትመርጥም የሸክላና የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ያለበትን መረጠች፤ የእጅ ሥራዋን ማመልከቻዋ ላይ ጻፈችው። ልጆች፣ ሹሩባ የምትሠሩ፣ ክራር የምትመቱ፣ የአባታችሁን መኪና የምትፈቱ፣ ይህ ሁሉ እጅ ነው፤ የምትሄዱበት ኮሌጅ ይህንን የምትቀጥሉበት ቦታ እንዳለው እዩ።

በዴንታል ስኩል የመጀመሪያው ዓመት ከአንድ የሰም ቁራጭ ሙሉ ጥርስ ቅረጹ ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ፍቆ ፍቆ፣ ንጋት ላይ በአንድ ስሕተት የጥርሱ ጫፍ ተቆርሶበት እንደገና የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው። ልጆች ወደዚህ ሙያ ከመግባታቸው በፊት እጃቸው ይህን ይወደው እንደሆነ ቢያውቁ ጥሩ ነው ብዬ ዕቃውን ከቤት አምጥቻለሁ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት የሰም ቁራጭ፣ አሥራ ሁለት መቅረጫና ከጀሶ የተሠራ አንድ ትልቅ የፊት ጥርስ አለ፤ እሱን እያያችሁ ነው የምትሠሩት። ጥያቄ ያላቸው ወላጆች እኔ ጋ ይቅሩ፤ ልጆች ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። መቅረጫው ስለታም ስለሆነ ከጣታችሁ ወደ ውጭ ፋቁ። እናቶች፣ እባካችሁ ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ እንጂ አታግዟቸው።